የኤስኦኢ ሴት ራዲዮ ኦፕሬተሮች፦ ሥራው በትክክል እንዴት ይሠራ ነበር? ለምንስ በሳምንታት ይያዙ ነበር?

ብርሃን_ዘልደታ

ሰላም ለሁላችሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዝ በምስጢር ወደ ፈረንሳይ ስለላከቻቸው ሴቶች በአማርኛ የሚገኘው አብዛኛው ጽሑፍ ስለ ቁንጅናቸውና ስለ አሟሟታቸው ያወራል። ሥራቸውን ግን አይነካውም። ሦስት ነገር እንድታብራሩልኝ ነው። ይዘውት የሚዞሩት ራዲዮ ምን ዓይነት ነበር? መልእክቱ እንዴት ይመሰጠር ነበር? አንድ ኦፕሬተር በአማካይ 6 ሳምንት ብቻ ይቆያል የሚባለውስ በምን ምክንያት ነው? አሠራሩን የምታውቁ መልሱልኝ፤ የፊልሙን ተዉት።

ሐረገወይን

ብርሃን፣ ራዲዮውን ለባለሙያዎቹ ልተወውና መነሻውን ላስይዝህ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤስኦኢ በጁላይ 1940 የተቋቋመ የእንግሊዝ ምስጢራዊ ድርጅት ነው፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ ለንደን ቤከር ስትሪት 64 ነበር። ሥራው ጠላት በያዘው አገር ውስጥ ሰው አስገብቶ ማሰለፍ፣ ማስታጠቅና ማፈንዳት ነው። በዋናነት ለስለላ የቆመ አልነበረም። ፈረንሳይን ከያዙት ክፍሎች አንዱ ኤፍ ሴክሽን ሲሆን ኃላፊው ሞሪስ በክማስተር፣ ሴቶቹን በቅርብ የምትከታተለው ደግሞ ቬራ አትኪንስ ነበረች። ሴቶች እንዲላኩ የተፈቀደው በ1942 ጸደይ ነው። ኤፍ ሴክሽን በጠቅላላው 39 ሴቶች ላከ፤ 13ቱ አልተመለሱም።

ሴት ለምን ተፈለገች? ከፌብሩዋሪ 1943 ጀምሮ ወጣት ፈረንሳውያን ወንዶች በግዴታ ለሥራ ወደ ጀርመን ይጋዙ ስለነበር መንገድ ላይ የተገኘ ጎረምሳ ሁሉ ወረቀት ይጠየቃል። ቅርጫት ያንጠለጠለች ሴት በብስክሌት ብታልፍ ግን ድንች ፍለጋ ገጠር የወጣች የቤት እመቤት ናት። አንድ ቡድን በመደበኛው ሦስት ሰው አለው፦ አደራጅ፣ መልእክተኛና ራዲዮ ኦፕሬተር። ሴቶቹ በብዛት የተመደቡት በመልእክተኛነት ነው። ኢቮን ሩደላ በጁላይ 1942 በጀልባ ገባች። አንድሬ ቦሬልና ሊዝ ደ ባይሳክ በሴፕቴምበር 24 ለ25 አጥቢያ 1942 በፓራሹት የወረዱ የመጀመሪያዎቹ ሴቶች ናቸው። ኤፍ ሴክሽን በራዲዮ ኦፕሬተርነት የላካት የመጀመሪያዋ ሴት ኑር ኢናያት ካን ናት፤ ሌሊት በጁን 16 ለ17 አጥቢያ 1943 ላይሳንደር በምትባለው ትንሽ አውሮፕላን አንዤ አጠገብ አረፈች።

አብዛኞቹ ፋኒ በሚባለው የሴቶች ጓድ ተመዝግበው ነበር የሚላኩት። ምክንያቱ የሕግ ብልሃት ነው፤ የመደበኛው ጦር የሴቶች ክፍሎች መሣሪያ መታጠቅ አይፈቀድላቸውም፣ ፋኒ ግን ሲቪል ጓድ ስለሆነ ክልከላው አይነካውም።

ባለአንቴና

ወደ ራዲዮው እንግባ። በስፋት የተሠራበት ‹‹ቢ ማርክ 2›› ወይም በአጭሩ ቢ2 የሚባለው ነው። የኤስኦኢው መሐንዲስ ጆን ብራውን ነደፈው። ተራ የጉዞ ሻንጣ ትከፍታለህ፤ ውስጡ አራት ክፍል አለ፦ ማሰራጫ፣ መቀበያ፣ ኃይል ሰጪ፣ እና የመለዋወጫ ሳጥን። ሳጥኑ ውስጥ ክሪስታሎች፣ ትርፍ ቫልቮች፣ ፊውዞች፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ የሞርስ ቁልፍ፣ ካቻቪትና የአንቴና ሽቦ ይኖራሉ። ጠቅላላ ክብደቱ 15 ኪሎ አካባቢ ነው። በትንሽ ሻንጣ 15 ኪሎ የያዘ ሰው ትከሻው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ ፍተሻ ላይ የቆመ ፖሊስ ደግሞ የሚያየው ይህንኑ ነው። ሻንጣውን ቀላል አስመስሎ መያዝ ራሱን የቻለ ሙያ ነበር።

የማሰራጫው ኃይል ቢበዛ 20 ዋት ነው፤ የዚያ ዘመን የመኝታ ቤት አምፖል ከዚያ በላይ ይበላ ነበር። የሚሠራው ከ3 እስከ 15 ሜጋኸርትዝ ገደማ ነው። በሞርስ ብቻ፣ ድምፅ የለም። ይህ ኃይል ከመካከለኛው ፈረንሳይ እንግሊዝ ይደርሳል፤ አጭር ሞገድ ወደ ሰማይ ወጥቶ ከላይኛው የአየር ንብርብር ተንጸባርቆ ስለሚመለስ። ይህን ያዙልኝ፣ ስለ መያዝ ስናወራ እመለስበታለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦

ሽቦውን መጀመሪያ። 20 ሜትር ገደማ ነው። ለምን 20? በ4 ሜጋኸርትዝ አንድ ሞገድ 75 ሜትር ነው፤ ሩቡ 19 ሜትር ግድም ይመጣል። ሽቦው ከዚያ ካጠረ ወይም ግድግዳ ተጠግቶ ከተዘረጋ ኃይሉ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ገጠር ላይ ዛፍ አለ። ከተማ ውስጥ ወይ ጣሪያ ሥር ይዘረጋል፣ ወይ በመስኮት ወጥቶ የልብስ ማስጫ ገመድ ይመስላል።

ቀጥሎ ክሪስታሉ ይሰካል። እያንዳንዱ ክሪስታል አንድ የተወሰነ ፍሪኩዌንሲ ይሰጣል፤ እንደልብ መለወጥ የለም። ቢያንስ ሁለት ያስፈልጋል፣ ለቀን ከፍ ያለ፣ ለሌሊት ዝቅ ያለ። ቢወድቅ ይሰነጠቃል፤ በፓራሹት ሲወርዱ ከተሰበሩት ዕቃዎች ዋነኛው እሱ ነው። ክሪስታል ከሌለ ማሰራጫው የብረት ክምር ነው።

ከዚያ ማስተካከል። ቁልፉን ተጭና የሜትሩ ቀስት እስኪወድቅ ድረስ ማዞሪያውን ታዞራለች፣ ከዚያ አንቴናውን እያገናኘች ኃይሉን ከፍ ታደርጋለች። ይህ እንግዲህ አየር ላይ የሚወጣ ጊዜ ነው፤ እጇ ከተፍ ያላለች ኦፕሬተር አንድ ፊደል ሳትልክ ለጠላት ሁለት ደቂቃ ትሰጣለች።

ከዚያ በተቀጠረው ሰዓት መጥሪያ ምልክቷን ትልካለች። ሰዓቱ፣ ፍሪኩዌንሲውና መጥሪያው ከመሄዷ በፊት የተሰጣት ፕላን ላይ አለ። እንግሊዝ ውስጥ ግሬንደን አንደርዉድ በሚባል ቦታ የሚያዳምጧት ኦፕሬተሮች አብዛኞቹ የፋኒ ልጃገረዶች ናቸው።

ቶማስ_ካዛንቺስ

ጥሩ። መብራት ከሌለበት ገጠርስ?

ባለአንቴና

ኃይል ሰጪው በከተማ መብራትም በ6 ቮልት የመኪና ባትሪም ይሠራል። ባትሪው ግን ቶሎ ያልቃል፤ አንድም ጋራዥ ያለው ታማኝ ሰው፣ አንድም በፔዳል የሚዞር ጄኔሬተር ይፈልጋል። ቢሆንም ባትሪ የሚመረጥበት ሌላ ምክንያት አለ፤ ጀርመኖች በጠረጠሩት ሰፈር መብራት ከብሎክ ወደ ብሎክ እየቆረጡ ያዳምጡ ነበር። የአንዱ ብሎክ መብራት ሲጠፋ ሞርሱም ድንገት ከጠፋ ቤቱን አገኙት ማለት ነው። በባትሪ የምትሠራ ግን መብራት ጠፋም በራም ትቀጥላለች።

ኮድ_ፈቺ

ሁለተኛው ጥያቄ የኔ ነው። እስከ 1943 ድረስ የተሠራበት የግጥም ኮድ ነበር። ሰውየው ወይም ሴትዮዋ በቃል የሚያውቁት አንድ ግጥም አለ። ለእያንዳንዱ መልእክት 5 ቃል ይመረጣል፣ የቃሎቹ ፊደላት ቁልፍ ይሆናሉ። የትኞቹ ቃላት እንደተመረጡ የሚናገር ጠቋሚ ከመልእክቱ ጋር ይሄዳል።

በእኛ ፊደል ላሳያችሁ። ቁልፋችን ‹‹ሸዋረገድ›› ይሁን። ፊደላቱን በሀ ለ ሐ መ ተራ ቁጥር እንስጣቸው፦ ረ 1፣ ሸ 2፣ ዋ 3፣ ድ 4፣ ገ 5። ስለዚህ ቁልፉ ሲነበብ 2 3 1 5 4 ነው። መልእክቱ ‹‹መሣሪያው ነገ ሌሊት ይምጣልን›› ይላል እንበል። በየ5 ፊደሉ ከቁልፉ ሥር ይጻፋል፦

ሸ ዋ ረ ገ ድ
2 3 1 5 4
መ ሣ ሪ ያ ው
ነ ገ ሌ ሊ ት
ይ ም ጣ ል ን

አሁን ወደ ታች፣ በቁጥሩ ቅደም ተከተል አንብቡ። 1 ሪሌጣ፣ 2 መነይ፣ 3 ሣገም፣ 4 ውትን፣ 5 ያሊል። በአምስት በአምስት ሲቆረጥ፦ ሪሌጣመነ ይሣገምው ትንያሊል።

ይህ የመጀመሪያው ዙር ነው። የወጣው እንደገና በሌላ ቁልፍ ሥር ተጽፎ ለሁለተኛ ጊዜ ይቀያየራል። እውነተኛው ቁልፍ ደግሞ 5 ፊደል አይደለም፣ 20 እና ከዚያ በላይ ነው። ጉዱ ያለው እዚህ ጋ ነው። ገ ከደ ይቀድማል ብላ አንዲት ሴት ብርድ ቤት ውስጥ በሻማ ብትቆጥር ሁለት ዓምድ ይገለባበጣል፤ በሁለተኛው ዙር ስህተቱ መልእክቱን ሁሉ ያዳርሰዋል። ለንደን የሚደርሰው የማይፈታ ዝባዝንኬ ይሆናል። ከሚደርሱት ውስጥ ሩብ ያህሉ የማይፈቱበት ጊዜ ነበር። ያኔ ምን ይደረጋል? ‹‹ድገሚ›› ትባላለች። መድገም ማለት ደግሞ ያንኑ ረጅም ጊዜ እንደገና አየር ላይ መቆየት ነው፤ ሰው የሚገደለው በድጋሚው ነው።

ሊዮ ማርክስ የኮድ ክፍሉን ሲይዝ የመጀመሪያው ትእዛዙ ‹‹ማንም እንዲደግም አይጠየቅ›› የሚል ነበር። የግሬንደን ልጃገረዶች በፈረቃ ተቀምጠው ሊሠራ የሚችለውን ስህተት በሙሉ እየሞከሩ፣ አንዳንዱን በሺህ በሚቆጠር ሙከራ ይፈቱት ጀመር።

የግጥሙ ሌላ ጣጣ፦ ግጥሙ የታወቀ ከሆነ ጠላት ከመጽሐፍ ያገኘዋል፤ ኦፕሬተሯ በሥቃይ ከተናገረችው ደግሞ ያለፉት መልእክቶች በሙሉ ይከፈታሉ። ከዚህም በላይ አጭር መልእክት በቀላሉ ስለሚሰበር ቢያንስ 200 ፊደል መጻፍ ግድ ነበር። ማርክስ ለዚህ ያመጣው መላ ሐር ጨርቅ ነው። ዝግጁ ቁልፎች ሐር ላይ ይታተማሉ፤ እያንዳንዱ ለአንድ መልእክት ብቻ። ከተጠቀመችበት በኋላ ቆርጣ ታቃጥለዋለች። ሐር ሲፈትሹት እንደ ወረቀት አይንኮሻኮሽም፣ ከካፖርት ገበር ጋር ይሰፋል። ያቃጠለችውን ቁልፍ በቃሏ ስለማታውቀው ብትገረፍም የምትናገረው የላትም።

ብርሃን_ዘልደታ

ኮድ_ፈቺ፣ ምሳሌው ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። ግን ኦፕሬተሯ ከተያዘችና ጀርመኖች በራሷ ራዲዮ ከላኩ ለንደን በምን ያውቃል?

ጋሽ_መዝገቡ

ልጄ፣ የዚህ ሁሉ ታሪክ እንብርት የጠየቅከው ነው። ማወቂያ ነበረው፤ ያላስተዋለው ለንደን ነው።

እያንዳንዱ ኦፕሬተር ሁለት የደኅንነት ምልክት ይሰጠዋል። አንደኛው ለጠላት እንዲነገር የተዘጋጀ ማታለያ ነው። ሁለተኛው እውነተኛው ነው። ለምሳሌ በተወሰነ ቦታ ላይ ሆን ተብሎ የሚሠራ የፊደል ስህተት ሊሆን ይችላል። እውነተኛው ከጠፋ ‹‹ተይዣለሁ›› ማለት ነው። ለኑር ደግሞ ማርክስ ለብቻዋ አንድ ጨመረላት፤ 18 ፊደል ያለው ቁልፍ ከተጠቀመች በጠላት እጅ ናት።

ተግባሩስ? ሆላንድ ውስጥ ሁብ ላወርስ የተባለ ኦፕሬተር በማርች 1942 ተያዘ። ጀርመኖች ሲያስልኩት እውነተኛውን ምልክት ደጋግሞ ተወው። ለንደን አላየውም፣ ወይም አይቶ ናቀው። ከዚያ በኋላ ከ50 በላይ ሰዎች በቀጥታ በጀርመኖች እጅ ወረዱ። በፌብሩዋሪ 1943 የወረደችው ትሪክስ ቴርዊንት አንዷ ናት። እርሷ የኤስኦኢ እንኳ አልነበረችም፣ ምርኮኞችን የሚያስመልጠው ኤምአይ9 የላካት ናት። ‹‹እንኳን ደኅና መጣሽ›› ያሏት የጠላት ሰዎች ነበሩ። ከማጎሪያ ካምፕ በሕይወት ተረፈች፤ ከወንዶቹ አብዛኞቹ አልተረፉም።

ፈረንሳይም ያው ነው። በጁን 1943 መጨረሻ ፕሮስፐር የተባለው ትልቁ የፓሪስ መረብ ሲመታ ኦፕሬተሩ ጊልበርት ኖርማን ተያዘ። በእርሱ ራዲዮ የተላከው መልእክት እውነተኛው ምልክት ጎድሎት ለንደን ደረሰ። ለንደን ‹‹ሁለተኛውን ምልክት ረስተሃል፣ ተጠንቀቅ›› ብሎ መለሰ። እንግዲህ አስቡት፤ ጀርመኖች ሁለተኛ ምልክት እንዳለ የተረዱት ከራሱ ከቤከር ስትሪት ነው። የበክማስተርን ቅንነት አልጠራጠርም። ነገር ግን ሰውየው ሰዎቹ ነጻ ናቸው ብሎ ማመንን ይመርጥ ነበር፣ ይህ ምርጫው ሰው አስፈጅቷል።

ቶማስ_ካዛንቺስ

ጋሼ፣ ኑር ግን ጥንቃቄ የጎደላት ነበረች ይባላል። መልእክቶቿን ደብተር ላይ ገልብጣ ታስቀምጥ አልነበር?

ጋሽ_መዝገቡ

ደብተሩ እውነት ነው። የላከችውንና የተቀበለችውን ሁሉ ጽፋ አስቀምጣ ነበር፤ ተይዞ ለጀርመኖች የአጻጻፏን ልማድ አስተማራቸው። ከኦክቶበር 1943 ጀምሮ በእርሷ ስም ለንደንን ሲያነጋግሩ ከረሙ። በፌብሩዋሪ 28 ለ29 አጥቢያ 1944 ፍራንስ አንቴልም፣ ማድሌን ዳመርሞና ሊዮኔል ሊ ሻርትር አጠገብ የወረዱት እነርሱ ባዘጋጁት ሜዳ ነው።

ነገር ግን ሚዛኑን አትሳት። መረቡ በደረሰች በሳምንት ገደማ ፈረሰ። ተመለሽ ስትባል እምቢ አለች። በፓሪስ የቀረ ራዲዮ እርሷ ብቻ እስክትመስል ድረስ ከቤት ቤት እየተዘዋወረች፣ ፀጉሯን ቀለም እየቀባች፣ 4 ወር ሠራች። 6 ሳምንት ነው ዕድሜው በሚባልበት ሥራ! የያዛትም ማሰራጫ የሚፈልግ የጀርመኖች የራዲዮ መኪና አይደለም። አድራሻዋ በ100,000 ፍራንክ እንደተሸጠ ከጦርነቱ በኋላ በተሰጠ ምስክርነት ተነግሯል። ሁለት ጊዜ ለማምለጥ ሞከረች፤ ከዚያ በሰንሰለት ታሰረች። በሴፕቴምበር 13 ቀን 1944 ዳካው ላይ ከዮላንድ ቢክማን፣ ከማድሌን ዳመርሞና ከኤሊያን ፕሉማን ጋር ተገደለች።

ባለአንቴና

ስለ መኪናው ካነሳችሁ አቅጣጫ ፍለጋውን ላብራራ። በሦስት ደረጃ ነው።

አንድ፦ ቋሚ ጣቢያዎች። ፓሪስ ያለው ማዕከል ሞገዱን በሙሉ ሌትና ቀን ያያል። ያልታወቀ ምልክት ሲወጣ ርቀው ለሚገኙ ጣቢያዎች ይነግራል፤ እያንዳንዱ ምልክቱ የመጣበትን አቅጣጫ ካርታ ላይ በመስመር ያሰምራል። መስመሮቹ ሲገናኙ ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ። ኦፕሬተሯ ማሰራጨት ከጀመረች በሩብ ሰዓት ገደማ ጎኑ 16 ኪሎሜትር አካባቢ የሆነ ሦስት ማዕዘን በእጃቸው ይገባል።

ሁለት፦ መኪኖች። የተሸፈኑ ናቸው፣ አንዳንዴ የዳቦ ወይም የልብስ ማጠቢያ ቤት መኪና ይመስላሉ። ለምን ቀድሞ መኪና ብቻ አይልኩም? ከላይ ያዙልኝ ያልኩት እዚህ ይመጣል። የአጭር ሞገድ አንዱ ክፍል ወደ ሰማይ ይወጣና በመቶዎች ኪሎሜትር ርቆ ይወርዳል። ሌላው በምድር ላይ እየተሳበ ይሄድና ጥቂት ኪሎሜትር ላይ ይሞታል። በመሐል ምንም የማይሰማበት ቀበቶ አለ። ስለዚህ ሩቅ ያለው ጣቢያ ይሰማታል፣ ከጎረቤት ያለችው ሰው ትሰማታለች፣ 50 ኪሎሜትር ላይ የቆመ መኪና ግን ላይሰማት ይችላል። መኪናው የሚጠቅመው ቦታው ከታወቀ ወዲያ ነው።

ሦስት፦ እግረኛ። ካፖርቱ ሥር መቀበያ ያሰረ፣ ጆሮው ላይ ሽቦ ያለው፣ አንገትጌውን የገለበጠ ሰው። ፎቁን የሚለየው እርሱ ነው። ከተማ ውስጥ ከመጀመሪያዋ ነጥብ እስከ በር ማንኳኳት ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

አሁን ሒሳቡን ሥሩ። በደቂቃ 15 ቃል የምትመታ ኦፕሬተር በደቂቃ 75 ፊደል ትልካለች። 200 ፊደል ወደ 2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ነው። ከሩብ ሰዓቱ በጣም ያነሰ ነው፣ አይደል? ግን መጥሪያ አለ፣ ማስተካከያ አለ፣ ‹‹አልሰማሁም ድገሚ›› አለ፣ ቡድኑ ውስጥ አንዲት ብቻ ኦፕሬተር ስላለች ከአንድ ይልቅ አምስት መልእክት ይዛ ትቀመጣለች። 3 ደቂቃው 40 ይሆናል። አብዛኞቹ በዚህ መንገድ የተያዙት መሣሪያው ስለከዳቸው አይደለም፣ አለቆቻቸው ብዙ ስለሚያስልኳቸው ነው።

ተቃራኒውን ማየት የሚፈልግ ኢቮን ኮርሞን ይመልከት። በኦገስት 1943 ጋስኮኒ ወረደች፤ የአደራጁ የጆርጅ ስታር ኦፕሬተር ነበረች። ከ400 በላይ መልእክት ላከች፣ ሳትያዝ ጦርነቱ አለቀ። ገጠር ነው፣ የሚመጣ መኪና ከሩቅ ይታያል፣ አጭር አጭር ትልካለች፣ መልእክቱ ተመስጥሮ ሳያልቅ ማሰራጫው አይበራም። በአጋጣሚ የዳነች አይመስለኝም።

ኮድ_ፈቺ

አንድ ልጨምር፦ የኦፕሬተሯ እጅ። ሞርስ ሲመታ አንዷ ሰረዙን ታስረዝማለች፣ ሌላዋ በፊደላት መሐል ትጣደፋለች። ከመሄዷ በፊት እጇ በወረቀት ላይ ይቀዳል፣ ኋላ ላይ ጥርጣሬ ሲነሳ ይመሳከራል። ግን ጀርመኖችም ከመያዛቸው በፊት ለሳምንታት ስላዳመጧት አስመስሎ የሚመታ ሰው ያዘጋጁ ነበር። ስለዚህ እጅ ማስረጃ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ለንደን ግን አንዳንዴ ‹‹እጇ የርሷ ነው›› እያለ የጎደለውን ምልክት አልፎታል።

ሐረገወይን

የራዲዮ ወንዶች መልእክተኞቹን ረስታችኋቸዋል። ኦፕሬተሯ ራሷ መንገድ አትወጣም፣ መውጣት የለባትም። መልእክቱን የሚያመጣላት ብስክሌት ነው።

መልእክተኛዋን የሚያስይዘው አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነገር ነው። በዚያን ጊዜ ፈረንሳይ የትምባሆ ራሽን ለወንድ ብቻ ነበር፤ ቡና ቤት ተቀምጣ የምታጨስ ሴት ዓይን ትስባለች። ወተት ስለሌለ ‹‹ጥቁር ቡና›› ብሎ ማዘዝ ራሱ ከውጭ እንደመጣሽ ይናገራል፣ ሌላ ቡና ስለሌለ። መንገድ ስትሻገሪ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ካየሽ እንግሊዝ ነው ያደግሽው። ልብሱ በፈረንሳይ አሰፋፍ ይሰፋል፣ የልብስ ንጽሕና ቤት ምልክት ከኮሌታው ይነቀላል፣ የጥርስ ሙሌት እንኳ ይቀየራል።

የሽፋን ታሪኩ በተቻለ መጠን እውነት መሆን አለበት። የተወለድሽበት ከተማ ቀይሪ፣ ግን መዝገብ ቤቱ በቦምብ የተቃጠለበትን ምረጪ። የልደት ቀንሽን አትቀይሪ፣ ከእንቅልፍ ስትቀሰቀሺ የምትናገሪው እውነተኛውን ነውና። ከተያዝሽ 48 ሰዓት ዝም በይ ይባላል፤ በዚያ ጊዜ ሌሎቹ ቤት ይቀይራሉ።

ለመልእክተኛ መልኳ የማይረሳ መሆኑ ጉዳት ነው። ቨርጂኒያ ሆል የተባለችው አሜሪካዊት የግራ እግሯ ከጉልበት በታች የእንጨት ነበር፣ 3 ኪሎ ያህል ይመዝናል። እያነከሰች ሊዮን ላይ ከ1941 እስከ ኖቬምበር 1942 ሠራች፤ ጀርመኖች ‹‹አንካሳዋን ሴት›› እያሉ ይፈልጓት ነበር። በበረዶ ፒሬኔን በእግር ተሻግራ አመለጠች። እግሯን ‹‹ከትበርት›› ትለው ስለነበር ከመሻገሯ በፊት ‹‹ከትበርት እንዳያስቸግረኝ›› ብላ ብትልክ ለንደን የሰው ስም መስሎት ‹‹ካስቸገረ አስወግጅው›› አላት። በ1944 በአሜሪካኖቹ የምስጢር ድርጅት በኦኤስኤስ ስር ስትመለስ አካሄዷን የሚሸፍን መላ አገኘች፦ እንደ አሮጊት ገበሬ ለበሰች፣ እግሯን እየጎተተች ሄደች። በዚያን ጊዜ ራዲዮውንም ራሷ ትመታ ነበር።

ናንሲ ዌክ ደግሞ ኦፕሬተሯ ኮዱን አጥፍቶ ራዲዮ ሲያጡ ሌላ ኦፕሬተር ፍለጋ 500 ኪሎሜትር ገደማ በብስክሌት በ72 ሰዓት ሄዳ ተመለሰች። አንድ የጠፋ ኮድ ምን እንደሚያስከፍል ከዚህ በላይ ምሳሌ የለም፤ ራዲዮ የሌለው ቡድን መሣሪያ አይወርድለትም።

ቶማስ_ካዛንቺስ

መሪ የሆነችስ አለች?

ሐረገወይን

ፐርል ዊዘሪንግተን። በሴፕቴምበር 1943 በመልእክተኛነት ወረደች፤ አለቃዋ ሞሪስ ሳውዝጌት በሜይ 1 ቀን 1944 ሲያዝ የቡድኑን ግማሽ ይዛ ሬስለር የሚባል አዲስ መረብ አቆመች። በሺህ የሚቆጠሩ ታጣቂዎች በርሷ ስር ነበሩ። በዕድሜ ዘመኗ ያስቆጣት ግን ጀርመኖቹ አልነበሩም፤ ከጦርነቱ በኋላ የሲቪል ሜዳሊያ ሲሰጧት ‹‹የሠራሁት ሥራ ምኑም ሲቪል አይደለም›› ብላ መለሰችው። የፓራሹት ዘላዮችን የክንፍ ምልክት የሰጧት በ2006 ነው።

ከሐይፋ

እዚህ እስራኤል ልጆቻችን ትምህርት ቤት የሚማሩት ስለ ሐና ሰነሽ ነው፤ እርሷም የዚሁ ሥርዓት አካል ነበረች። ከፍልስጥኤም የተመለመሉ አይሁድ ፓራሹተኞችን ያሠለጠኑት እንግሊዞች ናቸው። በማርች 1944 ዩጎዝላቪያ ወረደች፣ በጁን የሃንጋሪን ድንበር ስትሻገር ተያዘች። ራዲዮ ኦፕሬተር ስለነበረች መርማሪዎቹ ከምንም በላይ የፈለጉት ኮዷን ነበር፤ እናቷን አምጥተው ቢያስፈራሯትም አልሰጠችም። በኖቬምበር 7 ቀን 1944 ቡዳፔስት ላይ ተረሸነች። ሐቪቫ ራይክ ደግሞ ስሎቫኪያ ውስጥ በዚያው ወር ተገደለች።

ብርሃን_ዘልደታ

ጋሽ መዝገቡ፣ የእኛዎቹ የውስጥ አርበኞች ሴቶች ራዲዮ ነበራቸው?

ጋሽ_መዝገቡ

አልነበራቸውም። ወሬው የሚሄደው በሰው አፍና በተሸሸገ ደብዳቤ ነው። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ አዲስ አበባ ተቀምጠው ለአርበኞች መረጃ፣ ጥይትና መድኃኒት ያቀብሉ ነበር፤ ተይዘው ወደ ኢጣሊያ አዚናራ ደሴት ተጋዙ፣ ከተመለሱ በኋላም ሥራቸውን ቀጠሉ። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም አዚናራ ታስረው ነበር። ራዲዮ ከእንግሊዝ ጋር የገባው በኦገስት 1940 ኮሎኔል ሳንድፎርድ ሚሽን 101 የተባለውን የእንግሊዝ ቡድን ይዘው ጎጃም ሲገቡ ነው። የውስጥ አርበኛ ሥራ ከፈረንሳዩ የሚለይበት ነገር እዚህ ላይ ግልጽ ነው። የሚያሳድድ የራዲዮ መኪና የለም፤ ሊያስይዝ የሚችለው ባንዳ ብቻ ነው። በሌላ በኩል ግን ዜናው ጫካ የሚደርሰው በእግር ጉዞ ልክ ነው፤ የዛሬ ሳምንቱን ወሬ ይዞ ውጊያ መምራት ደግሞ ምን እንደሆነ አርበኛ የነበሩ ሁሉ ያውቁት ነበር።

ቶማስ_ካዛንቺስ

መጨረሻ ላይ ሜዳው። አውሮፕላኑ በጨለማ እንዴት ያገኛቸዋል?

ባለአንቴና

ለላይሳንደር ሦስት የእጅ ባትሪ ብቻ። የተገለበጠ ኤል ቅርጽ ነው፦ የመጀመሪያው መብራት አውሮፕላኑ መሬት የሚነካበት፣ ሁለተኛው ከዚያ 150 ሜትር ወደ ነፋሱ አቅጣጫ፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው 50 ሜትር በስተቀኝ። አደራጁ መጀመሪያው መብራት ጋ ቆሞ የተስማሙበትን ፊደል በሞርስ ያበራል፤ ፊደሉ ከተሳሳተ ፓይለቱ አያርፍም። ጉዞው ጨረቃ ሙሉ ከመሆኗ በፊትና በኋላ ባለው አንድ አንድ ሳምንት ብቻ ነው፣ ፓይለቱ ወንዝና መንገድ እያየ ስለሚመጣ።

የመሣሪያ ኮንቴይነር ሲሆን በመደዳ በ100 ሜትር የተራራቁ መብራቶች ይበራሉ፣ ዛሬ ሌሊት መሆኑ በቢቢሲ የፈረንሳይኛ ዜና ላይ ትርጉም በሌለው ዓረፍተ ነገር ይነገራል። አንድ ኮንቴይነር ሙሉ ሲሆን እስከ 150 ኪሎ ስለሚደርስ አራት ሰውና ጋሪ ያስፈልጋል። ፓራሹቱ የሚቀበረው በዚያው ሌሊት ነው። ሴቶቹ ሐሩን ለሸሚዝ መቁረጥ ሲፈልጉ አደራጁ የሚከለክላቸው ለዚህ ነው፤ በጦርነቱ አራተኛ ዓመት መንደር ውስጥ አዲስ የሐር ሸሚዝ ከታየ ጌስታፖ ቀጥሎ የሚጠይቀው ሜዳው የት እንደሆነ ነው።